ኩርባ ላይ የሚያስቸግር ሞተር ነጂ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ባሕር ዳር ሞተር ለመልመድ የምትመች ከተማ ናት። መንገዷ ሰፊ፣ መሬቷ ሜዳ ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ጀማሪው ቀጥ ባለ መንገድ ማርሽ መቀያየር ሲችል «ለመድኩ» ይላል። ከዚያ የዓባይን ድልድይ ተሻግሮ ቤዛዊት ኮረብታ ይወጣል። ሲወርድ ኩርባ ይጠብቀዋል።

ወንድማችሁን ወይም ጓደኛችሁን የምታለማምዱ ከሆነ አንድ ነገር ያዙልኝ። ኩርባው ውስጥ የምታዩት ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ከኩርባው በፊት የተሠራ ነው።

ከመስመሩ ወደ ውጭ ይወጣል

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። በቀኝ ኩርባ ከሆነ ከፊት ለሚመጣው አይሱዙ ይጋለጣል፤ በግራ ኩርባ ከሆነ ቦይ ውስጥ ይገባል።

አንዱ መንስኤ ፍጥነት ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመታጠፍ ከጎማው የሚፈለገው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በ20 በሰላም የታጠፈውን ኩርባ በ40 ሲገባበት የሚደነግጠው ለዚህ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ደግሞ 380 ሜትር ሙሉ ጋዝ ስጥ ስጥ ያሰኛል። ያንን ፍጥነት ሳይቀንስ ወደ መታጠፊያ የሚገባ ብዙ ነው።

ሌላው መንስኤ ዓይን ነው። ልጁ የፈራውን ነገር ትክ ብሎ ያያል፤ ሞተሩም ወደዚያው ይሄዳል።

መፍትሄው፦ ፍሬን መያዝና ማርሽ መቀነስ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ይጠናቀቁ። ከዚያ ዓይኑን ብቻ ሳይሆን አገጩን ጭምር ወደ ኩርባው መውጫ ያዙር። ይህን ለማስለመድ ባዶ ሜዳ ላይ የውሃ ፕላስቲኮች ደርድራችሁ ኩርባ ሥሩ። እናንተ መውጫው ጋ ከመስመሩ ራቅ ብላችሁ ቁሙና ጣቶቻችሁን አንሱ። እየታጠፈ ስንት ጣት እንዳነሳችሁ ጮክ ብሎ ይንገራችሁ። ቁጥሩን ከሳተ ያየው የፊት ጎማውን ነው ማለት ነው። ይድገመው።

ቀጥሎ መሪውን መግፋት አስተምሩት። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ የቀኙን እጀታ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ ነው። ሲነግሩት የሚያምን ጀማሪ አላየሁም። በ30 ገደማ ቀጥ ብሎ እየነዳ በመዳፉ ለስለስ አድርጎ ይሞክረው፤ ሞተሩ ራሱ ወደ ቀኝ ጋደል ይልለታል። እጁ ከደረቀ ግን አይሆንም። ጉልበቱ ነዳጅ ታንኩን ይያዝ፣ ክርኑ ይላላ።

ኩርባው መሃል ፍሬን ይይዛል

መንስኤው ድንጋጤ ነው። ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው። ያንን አቅም ለመታጠፍ እየተጠቀመበት ሳለ በድንገት ፍሬን ሲጨመርበት ይንሸራተታል። ቦታ ካለ መጀመሪያ ሞተሩን ቀና ያድርግ፣ ከዚያ ይያዝ። ቦታ ከሌለና አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ መውጫውን እያየ ትንሽ ጨምሮ ያጋድል። ሞተሩ ጀማሪው ከሚገምተው በላይ ጋደል ማለት ይችላል።

ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ያመልጠዋል

አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሹን ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) አድርጎ፣ አለዚያም ፍሪሲዮን (ማርሹን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን የግራ እጅ ማንሻ) ጨብጦ ስለሚወርድ ነው። እዚህ ላይ ቆጣ በሉ። ማርሽ ከሌለ ሞተሩን የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ይግባ፣ ፍሪሲዮኑን ይልቀቅ፣ ኩርባውን ጋዝ በስሱ እየሰጠ ይጨርስ።

የግራ ኩርባ ላይ ውስጡን ይቆርጣል

ቶሎ ስለሚታጠፍ ነው። ጎማው መስመሩን ባያልፍ እንኳ፣ ሲያጋድል ጭንቅላቱ ከፊት በሚመጣው መኪና መንገድ ላይ ነው። በራሱ መስመር ቀኙን ይዞ ይቆይ፤ መውጫው ሲታየው ብቻ ይታጠፍ።

አደባባይ ላይ ወይም ዞሮ ሲመለስ ይወድቃል

መሪው ተጠምዝዞ ሳለ የፊት ፍሬን ስለጨበጠ ነው። ባጃጅ ድንገት ሲገባበት እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። በዝግታ ሲዞር የእግር ፍሬን ብቻ፣ ፍሪሲዮኑ ግማሽ ላይ፣ ፊቱ ወደሚሄድበት።

ክረምት ሲገባ ጎማው ይከዳዋል

የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልት ላይ የከረመውን ዘይትና አቧራ ያላቁጠዋል። የዜብራ ቀለምና እርጥብ ኮብልስቶን ያንሸራትታሉ። ከጥርጊያ መንገድ የሚወጡ ባጃጆችና ጋሪዎች መታጠፊያው ላይ ጭቃ ይተዋሉ። ፍጥነቱን ከበጋው በደንብ ይቀንስ፣ ብዙም አያጋድል። ጎማው መሃሉ ከተላጨ ሳይውል ሳያድር ይቀየር።

ብቻውን ደህና ነው፣ ሰው ሲጭን ይበላሻል

የተጫነው ሰው ፈርቶ ወደ ተቃራኒው ስለሚያጋድል ነው። ከመነሳታቸው በፊት ይንገረው፦ «ስታጠፍ በምታጠፍበት በኩል በትከሻዬ ላይ አሻግረህ እይ፣ ሌላ ምንም አታድርግ።» የኋላ ጎማው ንፋስም ለሁለት ሰው በሚታዘዘው ልክ ይሞላ። ጀማሪው ብቻውን ከቤዛዊት ተረጋግቶ መውረድ ሳይችል ግን ሰው አያስጭኑት።