የቮልሴ ቤንዚን ፓምፕ ስር የነበረው የዘይት ማፍሰስ ተገኘ
ዲናሞ ያላት 1600 ቮልስ ነች፣ ከቤንዚን ፓምፑ ስር ዘይት ታንጠባጥብ ነበር፣ ያየ ሰው ሁሉ ፓምፑ አልቋል ቀይረው ይለኛል። መጀመሪያ የዘይት መለኪያዋን አውጥቼ አሸተትኩ፣ ቤንዚን ቤንዚን አይልም፣ ስለዚህ ዲያፍራሙ (ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን) ቤንዚን ወደ ዘይቱ እያሳለፈ አይደለም (ቢሸትማ ዘይቱ ቀጥኗል ማለት ነው፣ ሳይቀየር አታስነሱት)። ከዛ አካባቢውን አጥቤ አድርቄ የህፃን ፓውደር ነሰነስኩበትና አስነሳኋት፣ ከጎኑ ያለው የዲስትሪቢውተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ስር ነጭ እንደሆነ ቀረ፣ ስለዚህ ዘይቱ የመጣው ፓምፑ ከተቀመጠባት ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ስፈታው ቡሎኑ ጋ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለባት፣ ዳዶው ከልክ በላይ ሲጠብቅ የሚመጣ ነገር ነው።

ስትፈቱ ግን ፕላስቲኳን ከማንሳታችሁ በፊት ፓምፑን የምትገፋዋን ዘንግ አውጧት፣ ሞተር ውስጥ ከወደቀች ሌላ ጣጣ ነው!! አዲስ ፕላስቲክ፣ ከላይም ከታችም አዲስ ጋስኬት (ዘይት እንዳያልፍ መሃል የሚገባ ስስ ማሸጊያ) አስገባሁ። ዘንጓ ሞተሩ ሲዞር ወደ ላይ እስከ መጨረሻው ስትወጣ ከላይኛው ጋስኬት በላይ 13 ሚሊሜትር መውጣት አለባት፣ ጋስኬት መደራረብ የሚወዱ ሰዎች ይቺን ልክ ነው የሚያበላሹት ከዛ መኪናው ዳገት ላይ ቤንዚን አነሰው ብለው ካርቡራተር ይፈታሉ። ዳዶዎቹን እያፈራረቅኩ በቀስታ አጠበቅኩ፣ አሁን ደረቅ ነው።