የወንድ መካንነት ሲጠረጠር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባልና ሚስት ዓመት ሙሉ ያለ መከላከያ ቆይተው እርግዝና ሲዘገይ፣ በእኛ ዘንድ ሐኪም ቤት ለብቻዋ የምትመላለሰው ሚስት ናት። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ልጅ ካጡ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ችግሩ ወንዱንም ይመለከታል። የእሱ ምርመራ የሚጀምረው የዘር ፈሳሽ በመስጠት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እሷ ማህፀኗ በራጅ እስኪታይ ድረስ መንገላታቷ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቴስቶስትሮን መወጋት ነው። «የወንድ ሆርሞን ስለሆነ ዘር ያበዛል» ብለው የሚወጉት አሉ፤ ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወስዱትም ብዙ ናቸው። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ስፐርም (የወንድ ዘር ሴል) እንዲመረት ቆለጥ ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን ደም ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት። ቆለጥን ለዚህ ሥራ የሚያዝዙት ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚመነጩት ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የተባሉ ሆርሞኖች ናቸው። ከውጭ የገባው ሆርሞን ደሙን ሲሞላው አንጎል ትእዛዙን ያቆማል፤ ቆለጥ ይኮሰምናል፣ ስፐርሙም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህንኑ መርፌ ለወንዶች የእርግዝና መከላከያነት ሞክሮታል። መርፌውን ያቋረጠ ሰው ስፐርሙ እስኪመለስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊጠብቅ ይችላል።

ሆርሞንን ከሰዓት በኋላ ማስለካትም ያሳስታል። ቴስቶስትሮን ጠዋት ከፍ ብሎ እየዋለ ይወርዳል፤ ስለዚህ ደሙ ከአራት ሰዓት በፊት ይቀዳ። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ምክንያቱ ይፈለግ፦ ኤልኤችና ኤፍኤስኤችም አብረው ከወረዱ ችግሩ ከላይ፣ ከአንጎል በኩል ነው፣ በሕክምናም ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ኤፍኤስኤች በጣም ከፍ ካለ ግን የተጎዳው ቆለጡ ራሱ መሆኑን ያመለክታል። ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞንም ሲበዛ የስፐርም ምርቱን ያዳክማል፤ እንደ ሪስፔሪዶን ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ይጨምሩታል። ይህን ለሐኪም መንገር እንጂ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም።

የዘር ፈሳሽ ምርመራው ውጤት ላይ «ነጭ የደም ሴል» የሚል ሲታይ ደግሞ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት በላይ በላዩ መዋጥ ተለምዷል። ያልበሰሉ የስፐርም ሴሎችም በተራ ማይክሮስኮፕ ክብ ሆነው ስለሚታዩ ይምታታሉ፤ በልዩ ቀለም መለየት ያስፈልጋል። ነጭ የደም ሴሎቹ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1 ሚሊዮን ሲበልጡ ነው የሚያሳስቡት፤ ያኔ የሚለቁት ኬሚካል የስፐርሙን ሽፋንና ዲኤንኤ ሊጎዳ ይችላል። ኢንፌክሽን ከተገኘም ባልና ሚስት ሁለቱም ይታከሙ።

ድንገተኛ የቆለጥ ሕመምን በሐፍረት መደበቅ ሌላው ስህተት ነው። ስፐርም የሚፈጠረው ከጉርምስና በኋላ በመሆኑ የበሽታ መከላከያ ሴሎች እንደ ባዕድ ያዩታል፤ ከእነርሱ የሚሸሽገው ቆለጥ ውስጥ ያለው አጥር ነው። ቆለጥ ሲጠመዘዝ፣ ሲመታ ወይም ሲቆጣ አጥሩ ሊፈርስና ሰውነት በገዛ ስፐርሙ ላይ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል። የተጠመዘዘ ቆለጥን ለማዳን ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ካደጉ በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍም ቆለጥን ሊያስቆጣ ስለሚችል ለሐኪም ይነገር።

በአንድ ውጤት ተስፋ መቁረጥም አይገባም። ስፐርም ተመርቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ስለሚፈጅ፣ ከሁለት ወር በፊት ያተኮሰ ትኩሳት የዛሬውን ቁጥር ሊያወርድ ይችላል። ምርመራው ይደገም፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት ይታቀቡ፤ ናሙናው ቤት ውስጥ ከተወሰደ ዕቃው ከልብስ ሥር በሰውነት ሙቀት ተይዞ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ላቦራቶሪ ይድረስ።