ዛምፕ አልነሳ ሲል፦ ከመንቀላችሁ በፊት

አንድ ምሽት አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ላፕቶፗን ይዛ እኔ ቤት መጣች። የመመረቂያ ፕሮጀክቷን የምታቀርበው በነጋታው ጠዋት ነው። ዛምፕ ላይ ዳታቤዙን፣ ማለትም ማይኤስኪውኤልን፣ ስታርት ስትለው ለሁለት ሰከንድ ያህል አረንጓዴ ይሆንና ይጠፋል። ጓደኞቿ «ነቅለሽ እንደገና ጫኚው» ብለዋታል። እሷም ልትነቅለው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር። ብትነቅለው ኖሮ የሦስት ወር ሥራዋ ያለበት ዳታቤዝ አብሮ በሄደ ነበር።

ይህን የምጽፈው «ንቀለውና ጫነው» የሚለው ምክር ብዙ ሰው ስለጎዳ ነው። ዛምፕ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ፣ ድረ ገጽ በራስ ኮምፒውተር ላይ ለመሥራትና ለመሞከር የሚያገለግል ነፃ ጥቅል ነው። ዌብ ሰርቨሩን አፓቺን፣ ዳታቤዙን፣ ፒኤችፒና ፐርል የሚባሉትን የፕሮግራም ቋንቋዎች በአንድ ፋይል ይጭናል። አለበለዚያ እያንዳንዱን ለየብቻ አውርዶ፣ ቅንብሩን በእጅ ጽፎ ማገናኘት ነበር። አሁን 150 ሜጋባይት ገደማ የሆነ አንድ ፋይል በፍላሽ ይቀባበሉታል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይጫናል። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ ሲበላሽ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አይታችሁ ስለማታውቁ የቱ እንደተበላሸ አታውቁም። ከታች ያለው ዊንዶውስ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነው።

አፓቺ ስታርት ሲባል ወዲያው ይቆማል

የዛምፕ ኮንትሮል ፓነል ላይ ቀይ ጽሑፍ ይመጣል። ፖርት 80 ወይም 443 የሚል ቁጥር ካለበት ነገሩ ቀላል ነው፤ ሌላ ፕሮግራም ቀድሞ ፖርቱን ይዞታል። ፖርት ማለት የበር ቁጥር በሉት፤ አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ አይቆምም።

ማን እንደያዘው ለማየት እዚያው ፓነሉ ላይ በስተቀኝ «ኔትስታት» የሚለውን ተጫኑ። የፖርቱ ቁጥርና የያዘው ፕሮግራም ስም ጎን ለጎን ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ቁልፍ ለዓመታት ሳይነካው ይኖራል። የፕሮሰስ ቁጥሩ 4፣ ስሙም «ሲስተም» ከሆነ የያዘው ራሱ ዊንዶውስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አይአይኤስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ዌብ ሰርቨር ተከፍቶ ነው። የዊንዶውስ ሰርቪሶች ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ «ወርልድ ዋይድ ዌብ ፐብሊሺንግ ሰርቪስ» የሚለውን አቁሙት። አነሳሱንም «ማንዋል» አድርጉት፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ይመለስባችኋል። እንደ ዋምፕ ያለ ሌላ ጥቅል ከሆነ ደግሞ እሱን መዝጋት ይበቃል።

የያዘው ፕሮግራም ለሥራ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን አትንኩት፤ አፓቺን ወደ ሌላ በር አዙሩት። ከአፓቺ ጎን «ኮንፊግ» የሚለውን ተጫኑና የመጀመሪያውን ፋይል ክፈቱ። «ሊስን» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን 80 ወደ 8080 ቀይሩ። ትንሽ ወረድ ብሎ «ሰርቨርኔም» የሚል መስመር አለ፤ እዚያም ያለውን 80 እንዲሁ ቀይሩ። 443ም ከተያዘ በኤስኤስኤል ፋይሉ ውስጥ ወደ 4433 ይቀየራል። ከዚህ በኋላ ብራውዘሩ ላይ ሎካልሆስት (የራሳችሁ ኮምፒውተር አድራሻ) ብቻ ብትጽፉ አይከፍትም፤ ሁለት ነጥብ (:) እና 8080 ጨምሩበት። ይህን ረስቶ «አሁንም አልሠራም» የሚል ብዙ ነው።

ስለ ፖርት ምንም ካልተባለ ምናልባት ቅንብሩን ስትነካኩ አንድ ፊደል ተሳስታችሁ ይሆናል። የዛምፕ ፎልደር ውስጥ «አፓቺ ስታርት» የሚለውን ባች ፋይል ሁለቴ ተጫኑት። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ የተሳሳታችሁበት ፋይልና መስመር በቁጥር ይጻፋል።

ማይኤስኪውኤል ተነስቶ ይሞታል

የተማሪዋ ችግር ይህ ነበር። ፓነሉ የሚያወጣው ቀይ መልእክት አምስት የተለያዩ ምክንያቶች ይደረድራል እንጂ የቱ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ እሱን ትታችሁ ከማይኤስኪውኤል ጎን «ሎግስ» የሚለውን ክፈቱና የስህተት ፋይሉን መጨረሻ አንብቡ። እዚያ 3306 የሚል ቁጥር ካለ ነገሩ የፖርት ነው፤ ሌላ ማይኤስኪውኤል ለብቻው ተጭኖ በሰርቪስነት እየሠራ ይሆናል፤ አቁሙት። «አሪያ» ወይም «ኢኖዲቢ» የሚሉ ቃላት (ዳታቤዙ መረጃ የሚያስቀምጥባቸው ክፍሎች ስም ናቸው) እና ተበላሽቷል የሚል ነገር ካያችሁ ግን ጉዳቱ ፋይሉ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ፓነሉ ላይ ስሙ ማይኤስኪውኤል ይበል እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ውስጡ ያለው ማሪያዲቢ የሚባለው የማይኤስኪውኤል ዘመድ ነው። ሎጉ ላይ ያን ስም ስታዩ አትደናገጡ።

ፋይሉ የሚበላሸው ዳታቤዙ እየጻፈ ሳለ ሲቋረጥ ነው። እኛ ጋ ዋናው ምክንያት መብራት ነው። የልጅቷ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ቻርጀር ላይ ሲሰካ ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ፤ ላፕቶፑም አብሮ ጠፋ።

ያደረግነው ይህ ነው። መጀመሪያ ፓነሉን ዘጋነው። ዛምፕ ውስጥ ማይኤስኪውኤል የሚል ፎልደር አለ፤ በውስጡ «ዳታ» እና «ባክአፕ» የሚባሉ ሁለት ፎልደሮች ይገኛሉ። «ዳታ»ን እንዳለ ፍላሽ ላይ ኮፒ አደረግነው። ይህን እርምጃ በፍጹም አትዝለሉት፤ የሚቀጥለው ቢበላሽ መመለሻችሁ እሱ ነው። ከዚያ «ዳታ» የሚለውን ስም «አሮጌ ዳታ» ብለን ቀየርነው። «ባክአፕ»ን እዚያው ኮፒ አድርገን ኮፒውን «ዳታ» አልነው። ይህ ዛምፕ ሲጫን አብሮ የመጣ ንጹሕ ቅጂ ነው።

ቀጥሎ ከአሮጌው ውስጥ የእሷን ዳታቤዝ ስም የያዘውን ፎልደር ብቻ ወደ አዲሱ አመጣን። ማይኤስኪውኤል፣ ፐርፎርማንስ ስኪማና ፒኤችፒማይአድሚን የሚሉትን ፎልደሮች አላመጣንም፤ የተበላሸው ተመልሶ እንዳይመጣ። በመጨረሻ «አይቢዳታ1» የሚለውን ፋይል ከአሮጌው አንስተን በአዲሱ ላይ ተካነው። ይህ ፋይል ካልመጣ የቴብሎቹ ስም ዝርዝሩ ላይ ይታያል፤ ስትከፍቷቸው ግን «የለም» ይላችኋል።

ስታርት አልነው። አረንጓዴው መብራት በራ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን አሥር ሰከንድ ጠበቅን፤ አልጠፋም። ወዲያው ፒኤችፒማይአድሚን (ዳታቤዙን በብራውዘር የምናስተዳድርበት ገጽ) ውስጥ ገብተን «ኤክስፖርት» አደረግንና ፋይሉን ለራሷ ኢሜይል ላከችው። እናንተም እንደተነሳ መጀመሪያ ይህን አድርጉ፤ አንዴ የተጎዳ ዳታቤዝ እንደገና ሊወድቅ ይችላል። በእጃችሁ የፈጠራችኋቸው ተጠቃሚዎችና ፓስወርዶች ግን በዚህ መንገድ አይመለሱም፤ እንደገና መፍጠር አለባችሁ።

ፒኤችፒማይአድሚን «መግባት ተከልክሏል» ይላል

ሩት ለሚባለው የዳታቤዙ ዋና ተጠቃሚ ፓስወርድ አውጥታችሁ ይሆናል። ዛምፕ ሲጫን ሩት ፓስወርድ የለውም፤ ፒኤችፒማይአድሚንም ባዶውን ይዞ ነው የሚገባው። ከአፓቺ «ኮንፊግ» ዝርዝር ውስጥ የፒኤችፒማይአድሚንን ፋይል ክፈቱና በፓስወርዱ ቦታ ባሉት ሁለት ትእምርተ ጥቅሶች መካከል አዲሱን ጻፉ። ሩት ያለ ፓስወርድ መምጣቱ ለልምምድ ታስቦ ነው። ዛምፕን ሕዝብ የሚገባበት ሰርቨር ላይ እንደዚሁ አትጫኑት፤ በሩ ክፍት ነው።

ገጹ አይገኝም፣ ወይም ኮዱ ራሱ ይታያል

የፒኤችፒ ፋይሉን ሁለቴ ተጭናችሁ ከፍታችሁት ከሆነ አፓቺ አላየውም። ፋይሉ ዛምፕ ውስጥ ባለው ኤችቲዶክስ ፎልደር ውስጥ መሆን አለበት፤ የሚከፈተውም በሎካልሆስት አድራሻ ነው። እዚያ አስቀምጣችሁም አይገኝም ካለ የዊንዶውስን የፋይል ቅጥያ ማሳያ አብሩ። ኖትፓድ ብዙ ጊዜ ከስሙ መጨረሻ «ቲኤክስቲ» ይለጥፋል፤ ቅጥያው ተደብቆ ስለሚቀርም አይታያችሁም።

አማርኛው ጥያቄ ምልክት ሆኗል

ይህ የኛው ነው፤ እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው አይደርስበትም። የምታዩትን ለዩ። አራት ማዕዘን ሳጥን ከሆነ ጽሑፉ ደህና ነው፤ የጎደለው ፎንት ነው። እንደ ኒያላ ያለ የግዕዝ ፊደል ያለበት ፎንት ጫኑ። ቀንድና ነጥብ ያለባቸው የላቲን ፊደላት ተደበላልቀው ከመጡ፣ ጽሑፉ ትክክል ተቀምጦ በስህተት እየተነበበ ሊሆን ይችላል። ገጻችሁ አናት ላይ ካርሴቱ (ፊደላት የሚቀመጡበት አሠራር) ዩቲኤፍ8 መሆኑን ጻፉ።

ጥያቄ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን አዝናለሁ፤ ፊደሉ ሲቀመጥ ነው የጠፋው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ8 3 ባይት ይፈልጋል። ላቲን1 በሚባለው አሠራር ውስጥ ደግሞ ለእሱ ቦታ የለም። ዳታቤዙ የማያውቀውን ፊደል ጥሎ በምትኩ ጥያቄ ምልክት ያስቀምጣል። የቆዩ ቅጂዎች ሳትነግሯቸው ላቲን1ን ይመርጣሉ።

የሚስተካከለው ሁለት ቦታ ነው፤ አንዱን ብቻ ብታደርጉ አይሠራም። ፒኤችፒማይአድሚን ውስጥ ዳታቤዙንም ቴብሉንም፣ በውስጡ ያሉትን የጽሑፍ ኮለሞችም ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀይሩ። ከዚያ ኮዳችሁ ውስጥ ከዳታቤዙ ጋር ከተገናኛችሁበት መስመር ቀጥሎ «ሴት ካርሴት» በሚለው ትእዛዝ ያንኑ ስም ስጡት። አንድ ስም አስገቡና ተመልሶ ሲመጣ እዩት። በትክክል ከመጣ በኋላ ብቻ በጥያቄ ምልክት የተሞሉትን መዝገቦች አጥፍታችሁ እንደገና አስገቡ።