ቤት የጠመቃችሁትን ቢራና ሲደር እንዴት ትቀያየራላችሁ፣ እንዴትስ ትቀምሳላችሁ

ቤቱ ቢራ ወይም ሲደር (ከፖም ጭማቂ የሚጠመቅ መጠጥ) የሚጠምቅ ሰው አንድ ቀን የሚገጥመው ችግር አለ። 20 ሊትር ቢራ ታሽጎ ይደረደራል፤ ጠጪው ግን አንድ ነው። ለቤተሰብ ታቀምሳላችሁ፣ «አሪፍ ነው» ይላሉ። ለጎረቤት ትሰጣላችሁ፣ እሱም «አሪፍ ነው» ይላል። በነፃ የተሰጠውን መጠጥ ማን ያማል? እውነቱን የሚነግራችሁ እንደናንተው ቅዳሜውን ሙሉ ባልዲ ሲያጥብ የሚውል ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ተቀያየሩ። አራት ጠርሙስ ትሰጣላችሁ፣ አራት ትቀበላላችሁ። ወይ ተገናኝታችሁ አብራችሁ ትቀምሳላችሁ፣ ወይ እየቤታችሁ ከፍታችሁ አስተያየት ትለዋወጣላችሁ። ገንዘብ ግን አታስገቡበት። በብዙ አገር ለራስ መጥመቅና ለወዳጅ መስጠት ይፈቀዳል፣ መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። በፖስታ መላክም እንደዛው ነው፤ አልኮል የማይቀበሉ ብዙ ናቸው። ደንቡን ሳታዩ ካርቶኑ ላይ «ሻምፑ» ብላችሁ ጽፋችሁ አትላኩ። እጅ በእጅ ይሻላል።

ምን ትሰጣላችሁ?

ለራሳችሁ የምትከፍቱትን። የተበላሸውን ሰው ላይ መድፋት ነውር ነው፣ «ይሄ ነገር ምን ነካው? እስቲ ቅመስልኝ» ብላችሁ በግልጽ ካልሰጣችሁ በቀር። ሆፕስ (ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው አበባ) የበዛበት ቢራ ከሆነ ቶሎ ስጡት፤ ያ ደስ የሚል ሽታው በሳምንታት ውስጥ ይደበዝዛል። ጠንካራ ጥቁር ቢራና ደረቅ፣ ማለትም የማይጣፍጥ፣ ሲደር ግን ወራት ይጠብቃሉ፣ እንዲያውም ይሻሻላሉ።

ዋናው ጣጣ፦ ጋዙ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፣ ምክንያቱም የከፈልኩበት እዚህ ጋ ነው።

የመጀመሪያ ሲደሬን የጠመቅኩት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነበር። ሦስት ሳምንት ቡልቅ ቡልቅ ሲል ከረመና ዝም አለ። ቀመስኩት፣ ጣፈጥ ያለ ነው፤ ደስ አለኝ። ሃይድሮሜትር፣ ማለትም መጠጡ ላይ ተንሳፎ ስንት ስኳር እንደቀረው የሚጠቁም መለኪያ (ንጹህ ውሃ ላይ 1.000 ያነባል፣ ስኳር ሲበዛ ቁጥሩ ይጨምራል)፣ አልነበረኝም። «እሱ ቅንጦት ነው፣ ምላሴ ይበቃኛል» እል ነበር። ጋዝ እንዲይዝ ስኳር ጨመርኩበት፣ ቆርኪ መታሁበትና ስድስቱን ለአንድ ጓደኛዬ ሰጠሁት። እሱም ሳሎኑ ውስጥ፣ ቁምሳጥን ግርጌ፣ ጫማዎቹ አጠገብ ደረደራቸው።

በአራተኛው ሳምንት ሌሊት ደወለልኝ። «ስማ፣ ያንተ ሲደር ፈንድቷል» አለኝ። በር የተሰበረ መስሎት ነው የነቃው። አንዱ ሲፈነዳ ሌሎቹን ሁለት ይዟቸው ሄዷል። የቁምሳጥኑ አንድ በር ተበርግዷል፣ ስብርባሪው ጫማዎቹ ውስጥ ገብቷል። የአንዱ ጠርሙስ አንገት፣ ቆርኪው ላዩ ላይ እንደተመታ፣ በማግስቱ ሶፋ ስር ተገኘ። ሰው ያልተጎዳው ሌሊት ስለነበረ ብቻ ነው።

ምን ሆኖ ነው? ሲደሩ ፈልቶ አላለቀም ነበር። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ እርሾው ተኛ እንጂ ሥራውን አልጨረሰም። እኔ ጋ አንድ ሁለት ሊትር ሳይታሸግ የቀረ ስለነበረ ሃይድሮሜትር ተውሼ ለካሁት፤ 1.010። ሲደር ደግሞ ሲጨርስ አብዛኛውን ጊዜ 1.000 ወይም ከዛ በታች ይወርዳል፣ ምክንያቱም የፖም ስኳር ከሞላ ጎደል ሁሉም ለእርሾ የሚበላ ነው። ጓደኛዬ ቤት ሞቃት ነው። እርሾው ነቃ፣ የተረፈውን ስኳር መብላት ጀመረ፣ ጋዙም መውጫ አጣ።

ሂሳቡን እዩት። አንድ ሊትር መጠጥ ውስጥ አንድ ሊትር ጋዝ ሟሙቶ ከገባ «አንድ ልክ» እንበለው። የተለመደ ቢራ ከ2.2 እስከ 2.7 ልክ ይይዛል። በሃይድሮሜትር ላይ 0.001 በወረደ ቁጥር ግማሽ ልክ ገደማ ጋዝ ይፈጠራል። ከ1.010 ወደ 1.000 ማለት አምስት ልክ ነው፤ የጨመርኩት ስኳርና ድሮም ውስጡ የነበረው ሲደመርበት ከሰባት ያልፋል። ሻምፓኝ እንኳ በዛ ወፍራም ጠርሙሱ ስድስት ገደማ ነው የሚይዘው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ በተራ ቢራ ጠርሙስ ውስጥ አሽጌ ሰው ቤት አስቀመጥኩ። በተራ ጠርሙስ ከ3 ልክ በላይ አታስቡ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ከባልዲው ትንሽ እቀዳና ጋዙ እስኪወጣ በደንብ አማታዋለሁ። አረፋው ሃይድሮሜትሩን ወደ ላይ ስለሚገፋው ንባቡን ያዛባል። ከዛ እለካና ቁጥሩን እጽፋለሁ። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና እለካለሁ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን እሱ ብቻ አይበቃም፤ የኔም እኮ ያኔ ቢለካ አይነቃነቅም ነበር፣ ተኝቶ ነው እንጂ። ስለዚህ የቆመበት ቦታ መቆም ያለበት ቦታ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቢራ እንደ ብቅሉ ዓይነት ከ1.008 እስከ 1.016 ድረስ ሊቆም ይችላል። ሲደር 1.010 ላይ ቆሜያለሁ ካላችሁ አትመኑት። ሞቅ ወዳለ ክፍል አምጡት፣ የተኛው እርሾ እንዲነሳ ዕቃውን ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት፣ ሳምንት ጠብቃችሁ እንደገና ለኩት።

ስኳሩ በሚዛን ነው የሚለካው፣ በማንኪያ አይደለም። በየጠርሙሱ አንዳንድ ማንኪያ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ አንዱ ጠርሙስ ሙት ይሆናል፣ ሌላው ጣሪያ ይመታል። ለአንድ ሊትር 4 ግራም ተራ ስኳር አንድ ልክ ጋዝ ይሰጣል። 20 ዲግሪ ላይ የፈላ ቢራ ድሮውኑ 0.85 ገደማ ይዟል። ስለዚህ 2.4 ላይ ለመድረስ በሊትር 6 ግራም ይበቃል፤ ለ20 ሊትር 120 ግራም ማለት ነው። ግን የምትቆጥሩት በእርግጥ የምታሽጉትን ሊትር ነው። አተላው ስር ከቀረ 20 የነበረው 18 ሊሆን ይችላል። ስኳሩን በትንሽ የፈላ ውሃ አሟሙት፣ ሲበርድ ንጹህ ባልዲ ስር አድርጉት፣ መጠጡን በጎማ ከላዩ አውርዱበት። የጎማው ጫፍ ባልዲው ወለል ላይ ይተኛ። ከላይ ፏፏቴ አታድርጉት፤ አየር ከገባበት ቢራው በኋላ እርጥብ ካርቶን ካርቶን ይላል።

አንድ የማልተዋት ዘዴ አለችኝ። ካሸግኩት ውስጥ አንዱን በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስ እሞላለሁ። በየጥቂት ቀኑ በጣቴ ጫን ጫን አደርገዋለሁ። እየጠነከረ ሲሄድ የመስታወቱም ጋዝ እየያዘ ነው። እንደ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። በ20 ዲግሪ ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይቆይና አንዱን ራሴ ከፍቼ ሳላይ ለማንም አልሰጥም።

«ጣፋጭ ሲደር ብፈልግስ?» ለምትሉ፣ እርሾ በማይበላው ማጣፈጫ፣ ለምሳሌ በኤሪትሪቶል አጣፍጡት፣ ወይም ሲጠጣ ብርጭቆው ውስጥ አጣፍጡት። ሶርቤት (ፖታሲየም ሶርቤት የሚባለው ማቆያ ኬሚካል) ጨምሬ እርሾውን አስቆማለሁ የሚሉም አሉ። ሶርቤት እርሾ እንዳይራባ ያደርጋል እንጂ በሥራ ላይ ያለውን አይገድልም፤ እርሾውን ለመግደል ብሎ የታሸጉ ጠርሙሶችን ድስት ውስጥ ማሞቅ ደግሞ በኔ እይታ እብደት ነው።

የተጠራጠራችሁት ጠርሙስ ካለ አቀዝቅዙት፣ መነጽርና ጓንት አድርጉ፣ በወፍራም ፎጣ ጠቅልላችሁ ቀስ አድርጋችሁ ክፈቱት። የሰጣችሁት ሰው ካለም ዛሬውኑ ደውሉ። ያሳፍራል፣ ግን ደውሉ።

ጠርሙስ፣ ጽሑፍ፣ ጉዞ

ቡናማ ጠርሙስ ተጠቀሙ። ነጭና አረንጓዴ ያምራሉ፣ ግን ብርሃን ያስገባሉ። ሆፕስ ያለው ቢራ ነጭ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ፀሐይ ከመታው በደቂቃዎች ሸለምጥማጥ ያለፈበት ይመስላል። ሆፕስ የሌለው ሲደር ይህ ችግር የለበትም።

ጽሑፉ ላይ ብዙ አትጨነቁ። በቀለም ያበደ ሌብል ለጥፎ የታሸገበትን ቀን የማይጽፍ ሰው ያናድደኛል። ወረቀት ፕላስተርና ማርከር ይበቃል፦ ምን እንደሆነ፣ አልኮሉ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደታሸገ። ወተት ነክ ነገር፣ ለውዝ ወይም ስንዴ ካለበት የግድ ጻፉ፤ የሰው ሆድ አይታወቅም። ቆርኪው ላይም አንድ ፊደል ጻፉ፣ ሌብል ፍሪጅ ውስጥ ረጥቦ ይወድቃል።

ስትሸከሙት እያንዳንዱን ለየብቻ ጠቅልሉ፣ አቁሙት። የተቀበለው ሰው ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አቁሞ ያስቀምጠው፣ አተላው ይዘቅጣል።

አሁን መቅመስ

ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከደረቁ ወደ ጣፋጩ ሂዱ። ጭስ የሚሸት፣ የሚጎመዝዝና በጣም መራራ የሆነው መጨረሻ ላይ ነው። በአንድ ጊዜ ከ60 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ስምንት ጠርሙስ ካለ በሙሉ ብርጭቆ የጀመረ ሰው አራተኛው ላይ ዳኝነቱ ያበቃል። ብርጭቆው ሳሙና የማይሸት ይሁን፣ የሳሙና ቅሪት አረፋውን ይገድለዋል። በረዶ እስኪሆን አታቀዝቅዙት። ሽቶ ተቀብታችሁ አትምጡ። በመሃል ውሃ ጠጡ። ስትቀዱ በአንድ ጊዜ ሳታቋርጡ ቅዱና የመጨረሻዋን አተላ ጠርሙሱ ውስጥ ተዉት።

መጀመሪያ አሽትቱ። ከዛ ዝም ብላችሁ ጻፉ። ዝም የሚለው ይሰመርበት፤ አንዱ «ሙዝ ሙዝ ይላል» ካለ ወዲያ ጠረጴዛው ሁሉ ሙዝ ይሸተዋል።

ነጥብ መስጠት ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. በ1985 የተቋቋመው፣ የቢራ ዳኞችን የሚመዝነው ቢጄሲፒ ለቢራ የሚጠቀምበት የ50 ነጥብ አሠራር አለ፦ ለሽታ 12፣ ለመልክ 3፣ ለጣዕም 20፣ አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት 5፣ ለአጠቃላዩ 10። መልክ ሦስት ብቻ መሆኑን ደስ ብሎኝ ነው የምጠቅሰው፣ የኔ ቢራ ሁሌም ድፍርስ ነው።

የምታገኙትን ጉድለት ከምክንያቱ ጋር ለማያያዝ ሞክሩ። ቅቤ ቅቤ ካለ ዳይአሴቲል የሚባለው፣ ሲፈላ የሚፈጠር ንጥረ ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እርሾው ሳይጨርስ ቸኩለው ስላቀዘቀዙት ነው፣ በሚቀጥለው መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ሞቅ ያለ ቦታ ይቆይ። ቢራ ያልበሰለ አረንጓዴ ፖም ከሸተተ ገና ልጅ ነው፣ ይቆይ። የተቀቀለ በቆሎ ከሆነ እሳት ላይ ሲፈላ ድስቱ ተከድኖ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ኮምጣጤ ከሆነ አየርና ባክቴሪያ ገብቷል። መድኃኒት ወይም የቁስል ፕላስተር ከሸተተ ዕቃውን በበረኪና አጥቦ በደንብ አላለቀለቀም ወይም ውሃው ክሎሪን ነበረው። ሲደር የተበላሸ እንቁላል ቢሸት ግን ወዲያው አትድፉት፣ እርሾው ተጨናንቆ ነው፤ ብዙ ጊዜ በጊዜ ይጠፋል።

አስተያየት ስትሰጡ «ጥሩ ነው» አይጠቅምም፣ «አልወደድኩትም»ም አይጠቅምም። «ሽታው ላይ ቅቤ አለው፣ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ጠፋብኝ፤ ምሬቱ ጥሩ ነው፣ ግን ጋዙ ትንሽ አንሷል» ይጠቅማል። ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን ለብቻው ንገሩት። ተቀባይም ከሆናችሁ አትከራከሩ። እኔ አንድ ጊዜ ቢራዬ ቅቤ እንደማይሸት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተከራክሬያለሁ። በማግስቱ ብቻዬን አንዱን ከፈትኩ። ቅቤ ነው።

ስትጨርሱ ባዶዎቹን ጠርሙሶች የዛኑ ማታ በውሃ አለቅልቁና ለባለቤቱ መልሱ። አተላ ከደረቀ በብሩሽም አይለቅም፤ ሙቅ ውሃ ሞልቶ ማሳደር ሊያስፈልግ ነው።