የውሻ ምግብ ከረጢት እንዴት ይመረመራል?

መቻልን፣ ውሻችንን ማለቴ ነው፣ ያመጣነው ሜሪላንድ በገባን በሦስተኛው ዓመት ነው። የመጀመሪያውን ትልቅ ከረጢት ደረቅ ምግብ ገዛሁና ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ገልብጬ ከረጢቱን ጣልኩት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያ ምግብ በሻጋታ መርዝ ተጠርጥሮ ከገበያ እየተሰበሰበ መሆኑን ሰማሁ። «የሎት ቁጥሩን አመሳክሩ» ይላል ማስታወቂያው፤ ምግቡ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚለየው፣ ከረጢቱ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። ቁጥሩን የቆሻሻ መኪና ወስዶታል። ግማሽ ባልዲ ምግብ ደፋሁ። ከዚያ በየጠዋቱ የመቻልን ከንፈር ገልጦ ድዱ ቢጫ መሆን አለመሆኑን ማየት ሥራዬ ሆነ። ደግነቱ ምንም አልነካውም።

1. ፊቱን እለፉት

የሚሮጠው ውሻና የተቆራረጠው ሥጋ ማስታወቂያ ነው። «ፕሪሚየም» እና «ሆሊስቲክ» የሚሉት ቃላት ሕጋዊ ትርጉም የላቸውም። ከፊቱ የሚጠቅመው ስሙ ነው። በአሜሪካ ደንብ «ዊዝ ቢፍ» ለማለት 3 በመቶ የበሬ ሥጋ ይበቃል። «ቢፍ ዲነር» ካለ ቢያንስ 25 በመቶ መሆን አለበት። «ቢፍ ፍሌቨር» ከሆነ ደግሞ ጣዕሙ ከተገኘ በቂ ነው፤ በሬው በአጠገቡ አልፏል እንደማለት።

2. ከጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ ፈልጉ

«ኮምፕሊት ኤንድ ባላንስድ» (የተሟላና የተመጣጠነ) የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። ከጎኗ አፍኮ የሚል ስም ታያላችሁ። ሻጮች «አፍኮ አጽድቆታል» ሲሉ አትመኑ። አፍኮ የየግዛቱ የመኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ነው፤ መለኪያውን ያወጣል እንጂ ምግብ አይመረምርም፣ አያጸድቅምም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኤፍዲኤም ቢሆን የውሻ ምግብ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ፈቃድ አይሰጥም። መርማሪው በመጀመሪያ ደረጃ ራሱ አምራቹ ነው።

ዓረፍተ ነገሯ ምግቡ በቀመር ተዘጋጅቶ እንደሆነ ወይም በውሾች ላይ ተሞክሮ እንደሆነ ትናገራለች። ለአዋቂ ውሻ ሙከራው ቢያንስ 8 ውሾች ለ26 ሳምንታት የሚመገቡበት ነው፤ 6ቱ መጨረስ አለባቸው። ክብደታቸውና ደማቸው ይታያል። እኔ የተሞከረውን እመርጣለሁ፤ ግን 8 ውሻ በስድስት ወር ሁሉን ይመሰክራል ብዬ አይደለም። ለቡችላ ከሆነ «ግሮውዝ» (እድገት) የሚል ይኑረው። ሲያድግ ከ70 ፓውንድ በላይ የሚሆን ዝርያ ከሆነ ደግሞ ለትልልቅ ውሾች እድገት እንደሚሆን መጻፉን እዩ፤ ካልሲየም ሲበዛ አጥንታቸውን ያበላሻል።

3. ውሃውን ቀንሱ

ደረቁ 24 በመቶ ፕሮቲን፣ የጣሳው 8 በመቶ ቢል የጣሳውን አትናቁ። አብዛኛው ውሃ ነው። እርጥበቱ 78 በመቶ ከሆነ ውሃ ያልሆነው 22 ነው። 8ን ለ22 አካፍላችሁ በ100 ስታባዙ 36 በመቶ ይመጣል። የደረቁ እርጥበት 10 በመቶ ከሆነ 24ን ለ90 አካፍሉ፤ 27 ገደማ ነው። አፍኮ ለአዋቂ 18፣ ለቡችላ 22.5 በመቶ ዝቅተኛ ፕሮቲን የሚለው በዚህ ስሌት ነው።

4. ደውላችሁ ጠይቁ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። እናቴ በስልክ ስነግራት «አንቺ ልጅ፣ ለውሻ ነው ይሄ ሁሉ?» አለችኝ። የሀገር ቤት ውሻ በትርፍራፊ አድጓል፤ እውነት ነው። (ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ግን የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ ያኔ ማንም አልነገረንም።)

መደወል ያስፈለገኝ ከረጢቱ ላይ ያለው የፕሮቲን ቁጥር ሊዋሽ ስለሚችል ነው። በ2007 ከቻይና በገባ የስንዴ ግሉተን ውስጥ ሜላሚን ተገኘ፤ የፕላስቲክ ሳህን መሥሪያ ኬሚካል ነው። የተለመደው የፕሮቲን ምርመራ ናይትሮጅን ለክቶ ያሰላል እንጂ ፕሮቲኑን ራሱን አያይም። ሜላሚን ደግሞ በናይትሮጅን የተሞላ ነው። ወረቀቱ ላይ ፕሮቲኑ ያማረ ሆነ፣ የውሾችና የድመቶች ኩላሊት ግን በክሪስታል ተዘጋ። ከ60 ሚሊዮን በላይ ጣሳና ፓኬት ከገበያ ተሰበሰበ።

አፍላቶክሲንም እንዲሁ ተንኮለኛ ነው። በለውዝና በበርበሬ ስሙን የምናውቀው የሻጋታ መርዝ ነው፤ ወደ ውሻ ምግብ የሚገባው በአብዛኛው በበቆሎ በኩል ነው። የኤፍዲኤ ገደብ ከአንድ ቢሊዮን 20 እጅ ነው። በጭነቱ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ የመኪናው አንዱ ጥግ ንጹሕ፣ ሌላው ጥግ ጉበት የሚያጠፋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቦታ አንድ እፍኝ አንስቶ መመርመር ዋጋ የለውም። በማብሰልም በቀላሉ አይጠፋም።

እናም ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ። በቆሎው ከመራገፉ በፊት ከየጭነቱ፣ ከተለያየ ቦታ ናሙና ትወስዳላችሁ? ያለቀውን ምግብስ የሳልሞኔላ (ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ) ምርመራ ውጤት እስኪመጣ መጋዘን ታቆዩታላችሁ? አንዱ ኩባንያ አሠራሩን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ሌላው «ጥራት የቤተሰባችን እሴት ነው» አለኝ። የሱን ምግብ ተውኩት።

5. ከረጢቱን ከነምግቡ ባልዲው ውስጥ አስቀምጡ

ቦታው ቀዝቀዝና ደረቅ ያለ ይሁን። ካበላችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ በ2012 በደረቅ የውሻ ምግብ ሰበብ ሰዎች ሳልሞኔላ ይዟቸዋል። ውሻው ካስመለሰው፣ ከደከመው፣ ዓይኑ ወይም ድዱ ቢጫ ከሆነ ምግቡን አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። የቀረውን አትድፉት። ጥቂቱን በላስቲክ ቋጥራችሁ ከሎት ቁጥሩ ፎቶ ጋር አስቀምጡ፤ ለኤፍዲኤ በኢንተርኔት ስታመለክቱ መጀመሪያ የምትጠየቁት እሱን ነው።