የአያት ሳጥን ውስጥ ቴምብር ካገኛችሁ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ሞጣ፣ የድሮ ሳጥን ሲከፈት ከመሬት ግብር ደረሰኝ ሥር አሮጌ ደብዳቤ አይጠፋም። መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ቴምብሩን ከፖስታው አትላጡት! ውኃ ውስጥም አትንከሩት። እኔ ልጅ ሆኜ ስንቱን ልጬ ጥዬአለሁ፣ አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። የደብረ ማርቆስ ወይም የቡሬ ፖስታ ቤት ማኅተም በደንብ የሚነበብበት ሙሉ ፖስታ ብዙ ጊዜ ከተላጠው ቴምብር በዋጋ ይበልጣል።

ከዚያ አጉሊ መነጽር ያዙና በቴምብሩ ጠርዝ ያለውን ጥርስ ቁጠሩ፣ ቀዳዳና እጥፋት ፈልጉ፣ ጀርባውንም እዩ። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በፈረንጆች 1894 የወጡ፣ ፓሪስ የታተሙ ሰባት ናቸው፤ በትንንሾቹ ዋጋዎች ላይ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በትልልቆቹ ላይ አንበሳ አለ። አሮጌ ስለሆነ ብቻ ውድ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ደብዳቤ ሳይላክበት የቀረ ብዙ ተርፏል። በላዩ ላይ ሌላ ጽሑፍ የተመታበት ከሆነ ደግሞ ጠርጥሩ፣ ሐሰተኛ ምት ሞልቷል።

ፖስት ካርድ ቀላል ነው። በመነጽር ሲታይ ምስሉ ነጠብጣብ ከሆነ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፣ ነጠብጣብ ከሌለው እውነተኛ ፎቶ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው አስቀምጡት። ጀርባው ለአድራሻና ለመልእክት ካልተከፈለ አብዛኛውን ጊዜ ከ1907 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው።

ዋጋ ስታጣሩ ሻጭ የጠራውን ሳይሆን በእርግጥ የተሸጠበትን እዩ። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል።