አንዱ የፊት መብራት ሲደክም፦ ጥፋቱን በመልቲሜትር መፈለግ

በክረምት ማታ ከአዲሱ ገበያ ወጥተው ወደ ሱሉልታ ሲያቀኑ የእንጦጦ ጉም መንገዱ ላይ ይተኛል። በዳሩ ጋቢ የደረቡ እግረኞችና ጭነት የያዙ አህዮች ይጓዛሉ። ባለፈው ነሐሴ የግራ መብራቴ ቢጫ ሆኖ ስለደከመ አንዲት አህያ ለጥቂት ተረፈችልኝ። ጋራዥ ሁለት ጊዜ አምፖል ተቀየረልኝ፤ መብራቱ ግን ያው ነበር። «12 ቮልት ይደርሰዋል፣ ሽቦው ደህና ነው» ተባልኩ። ስህተቱ እዚህ ላይ ነበር።

አንዱ ወገን ብቻ ከደከመ በመጀመሪያ የግራና የቀኙን አምፖል ያቀያይሩ። እስኪቀዘቅዙ ይጠብቁ፤ መስታወቱንም በባዶ ጣት አይንኩ፤ የእጅ ቅባት ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ድካሙ አምፖሉን ተከትሎ ከሄደ አምፖሉ ይቀየር። እዚያው ከቀረ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ሽቦው ላይ ነው።

መልቲሜትሩን (የቮልት መለኪያውን) በዲሲ 20 ቮልት ላይ ያድርጉ። የአምፖሉን ሶኬት ነቅለው ቢለኩ 12.5 ቮልት ሊያነብ ይችላል፤ በዚህ ንባብ አይታለሉ። መልቲሜትር የሚስበው ጅረት (ከረንት) ኢምንት ስለሆነ፣ በአንዲት ክር የቀረ ሽቦ እንኳ ያሳልፈዋል። ባለ 55 ዋት አምፖል ግን ከ4 አምፔር በላይ ይፈልጋል፤ ያኔ ቮልቱ የዛገው ቦታ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አምፖሉ ተሰክቶ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ መብራቱ በርቶ ከሶኬቱ ጀርባ ይለኩ።

ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ቀዩን በሶኬቱ የማሳ ሽቦ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ በሚመለሰው) ላይ ያሳርፉ። እስከ 0.2 ቮልት ችግር የለውም፤ የእኔው 1.8 አነበበ። ቀጥሎ ቀዩን በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በአምፖሉ ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ፤ እዚህ ከ0.5 ካለፈ ችግሩ በፊውዙ፣ በሪሌው (በኤሌክትሪክ በሚሠራው ማብሪያ) ወይም በሶኬቱ በኩል ነው። ትንሽ ቁጥር ነው ብለው አይናቁት፤ የሃሎጅን አምፖል ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ በ30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

የእኔ ማሳ ከመብራቱ ሥር በላሜራው ላይ በቡሎን የታሰረ ነበር። ጭቃና የላቫጆ የግፊት ውሃ አዝጎታል። የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅዬ ቡሎኑን ፈታሁ፤ ላሜራውን እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፤ አጥብቄ ካሰርኩት በኋላ ከላዩ ግራሶ ቀባሁት። ንባቡ ወደ 0.1 ወረደ፣ መብራቱም ነጣ። ሶኬቱ ቀልጦ ከሆነ ግን ከነሽቦው ጫፍ ይቀየር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በብዙ የቆዩ የቶዮታ መኪኖች ማብሪያው የሚቆጣጠረው ፖዘቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው። በእነዚህ መኪኖች የአምፖሉን ማሳ በቀጥታ ከላሜራው ጋር ካገናኙት መብራቱ አልጠፋ ይላል። መልቲሜትሩን ከሶኬቱ እስከ ማብሪያው ደረጃ በደረጃ እያስጠጉ ቮልቱ የት እንደሚጠፋ ይከታተሉ።

ሁለቱም ጨርሶ ካልበሩ ማብሪያውን ከፍተው በፊውዙ አናት ያሉትን ሁለት ነጥቦች ይለኩ። በአንዱ 12 ቮልት፣ በሌላው ዜሮ ከሆነ ተቃጥሏል። በዚያው አምፔር ይተኩት። በፊውዙ ፋንታ የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ወይም ቁራጭ ሽቦ መተካት መኪና ያቃጥላል፤ እባክዎ አያድርጉት። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ከላሜራው ጋር እየተነካካ ነው። ፊውዙ ደህና ከሆነ የመብራቱን ሪሌ ተመሳሳይ ከሆነው የክላክስ ሪሌ ጋር አቀያይረው ይሞክሩ።

ሁለቱም ደክመው ነዳጅ ሲሰጡ ብቻ የሚደምቁ ከሆነ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ይለኩ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ጤናማ ነው። ከ13 በታች ከሆነ ቺንጊያውንና ዲናሞውን ይመርምሩ። ከ15 በላይ ከሆነ አምፖሎቹ ቶሎ ቶሎ የሚቃጠሉት በዚህ ነውና ቮልቱን የሚቆጣጠረው የዲናሞው ሬጉላተር ይቀየር፤ ባትሪውንም እያፈላ ይጨርሰዋል።